አንድ ቃል፣ ብዙ ፍች፤ ከጅቡቲ ባቡር ጣቢያ እስከ በርሊን

የጅቡቲን ከተማ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ምድር ባቡሩን ሳያነሣ አያልፍም። ከወደቡ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በፍሪድሪክ ሮዘን የሚመራው የጀርመን መንግሥት የመልእክተኞች ጓድ እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ አገራችን ሲመጣ ያለፈው በዚሁ ከተማ ነበር። ጓዱ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያም በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የካቲት 28 ቀን 1897 ዓ.ም. ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

ጀርመኖቹ የተሳፈሩበትን በቋንቋቸው «ጹግ» ይሉታል፤ እኛ «ባቡር» እንለዋለን። ይሁን እንጂ «ጹግ ማለት ባቡር ነው» ብሎ በደብተሩ የሚጽፍ ተማሪ የያዘው ግማሹን ብቻ ነው። ጹግ «መሳብ» ከሚለው ግስ የተገኘ በመሆኑ፣ በመስኮት የሚገባው ብርድ፣ የሰልፈኞች ጉዞ፣ የቼዝ ተጫዋች እርምጃም ሁሉ ጹግ ይባላል። የኛው ባቡር ደግሞ «እንፋሎት» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ስለሆነ፣ የእህል ወፍጮውንም ባቡር ስንል ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ቢሆንም፣ ስሙ ግን እስከ ዛሬ የእንፋሎት ስም ነው።

የቃል ፍች የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይችላሉ» የሚል ሐሳብ ሲይዝ፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተተረጎመ። የአንድ ግስ ልዩነት ያስነሣው ክርክር በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተቋጨ።

ታዲያ በጀርመንኛና በአማርኛ መካከል ቃላትን በጥንቃቄ ያገናኙት እነማን ነበሩ? ቀዳሚዎቹ የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ናቸው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርነስት ተጠርተው ጀርመን አገር ወደ ጎታ ሄዱ። ሉዶልፍ የቃላቱን ፍች ፊት ለፊት ተቀምጦ እየጠየቀ ከባለቋንቋው አፍ ተቀበለ። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ የታተመው ከዚያ 40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 ነበር።

ሮዘን አዲስ አበባ በመጣበት በ1905 ይኸው ሥራ በርሊን ላይ ቀጠለ። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም እስከ 1908 ድረስ በበርሊን የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። ዩጂን ሚትቮኽ የተባለው ሊቅም ከእርሳቸው አፍ የሰማውን የአማርኛ ንግግር ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1907 አሳተመ። ልብ ይሏል፤ የተሰበሰበው የተበታተነ ቃል ሳይሆን ሰዎች የሚነጋገሩበት ሙሉ አነጋገር ነው።

ለክፍላችን የሚበጀው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። «ሽሎስ» የሚለው የጀርመንኛ ቃል «መዝጋት» ከሚለው ግስ ወጥቶ የመስፍን ግንብም የበር መቆለፊያም ይሆናል። በአንጻሩ እኛ በሩን የምንከፍትበትንም፣ የምንዘጋበትንም፣ የሸሚዛችንንም «ቁልፍ» ስንል፣ ጀርመኖች ለሦስቱ ሦስት ቃል አላቸው። «ቆረጠ»ን እንውሰድ፦ እንጨት ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋም ይቆረጣል። ይህን ግስ በአንድ የጀርመንኛ ቃል ለመተርጎም የሚነሣ ተማሪ ወዲያው ይቸገራል።

ስለዚህ መምህሩ ቃሉን ለብቻው ሰጥቶ ከማሸምደድ ይልቅ፣ በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግብቶ ቢያስጠና፣ ግንዱንም ግስ ቢያሳይ፣ ተማሪውም በአማርኛው ተመሳሳዩን እንዲፈልግ ቢያደርግ ፍሬው የበዛ ይሆናል። ሰው በጓደኛው እንደሚታወቅ ሁሉ፣ ቃልም የሚታወቀው አብረውት በሚውሉት ቃላት ነውና።