በሜዳ ላይ የተከበረ የመፀው ሠርግ

የሠርግ ቀን ለሁሉ ይታያል፤ ጎረቤትም ባዳም ያየዋል። ከሠርጉ በኋላ የሚመጣው ረጅም ዘመን ግን ከባልና ከሚስት በቀር የሚያየው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዓሉ ሲወራ ኖሮ የጋብቻው ነገር ሲረሳ በታሪክ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ለዚህም ምስክር የሚሆነው በጀርመን አገር፣ በባቫርያ ዋና ከተማ በሙኒክ፣ በ1810 ዓ.ም. የተደረገው ሠርግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባቫርያ የንጉሥ መንግሥት የተባለችው በ1806 ዓ.ም. በናፖሌዎን ወዳጅነት ነው፤ የመጀመሪያውም ንጉሥ ማክሲሚልያን ዮሴፍ ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ አዳዲስ አውራጃዎች ተጨምረውላት ስለ ነበረ፣ ልማዱና ሃይማኖቱ ልዩ ልዩ የሆነው ሕዝብ ገና አንድ ልብ አልሆነም ነበር። የንጉሡ ልጅ አልጋ ወራሹ ሉድቪግ በ24 ዓመታቸው ለጋብቻ የመረጡት፣ ሂልድቡርግሃውዘን ከምትባል ትንሽ የሳክስ መስፍን አገር የተወለዱትን ልዕልት ቴሬዜን ነበረ። ልዕልቲቱ የ18 ዓመት ልጅ ነበሩ። ሙሽራው ካቶሊክ ሲሆኑ ሙሽራይቱ የሉተርን ትምህርት ከሚከተል ቤተ ሰብ ነበሩ፤ ቢያገቡም ሃይማኖታቸውን ሳይለውጡ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጸንተው ኖሩ።

ጋብቻው ኦክቶበር 12 ቀን ተፈጸመ፤ የከተማውም ደስታ ብዙ ቀን ዋለ። አንድ ባለ ባንክ፣ በከተማው ጠባቂ ጦር የፈረሰኞች ሻለቃ የነበሩት አንድሬያስ ዳል አርሚ፣ ለሙሽሮቹ ክብር የፈረስ እሽቅድምድም እንዲደረግ ለንጉሡ አሳብ አቀረቡ። ንጉሡም ፈቀዱ። ለዚህም ከከተማው በር ውጭ ያለው ሰፊ ሜዳ ተመረጠ። ወራቱ ዛፎች ቅጠላቸውን የሚያረግፉበት መፀው ነበረ።

ኦክቶበር 17 ቀን ለንጉሡ ቤተ ሰብ ድንኳን ተተከለ፤ ሕዝቡም በሜዳውና በአጠገቡ ባለው ተረተር ላይ ቆመ። ከእሽቅድምድሙ በፊት የየአውራጃውን ልብስ የለበሱ ሕፃናት ወደ ድንኳኑ ቀርበው ለሙሽሮቹ እጅ ነሡ። በዚህም ገና ያልተዋሐደው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ላይ ራሱን እንደ አንድ ቤተ ሰብ አየ። ሜዳውም በሙሽራይቱ ስም «የቴሬዜ ሜዳ» ተባለ፤ እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው።

በሚመጣው ዓመት በ1811 ዓ.ም. እሽቅድምድሙ ተደገመ፤ የከብት እርባታና የእርሻ ኤግዚቢሽንም ተጨመረ። በ1813 ዓ.ም. ስለ ጦርነት ቀረ። ከ1819 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በየዓመቱ እንዲያከብረው ተወሰነ። የኦክቶበር ብርድ ስለሚያስቸግር በኋላ ዘመን መጀመሪያው ወደ ሴፕቴምበር ቢዛወርም ስሙ ኦክቶበርፌስት፣ ማለት የኦክቶበር በዓል፣ እንደ ተባለ ቀረ። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ በሚልዮን የሚቈጠር ሰው በድንኳኖቹ ተቀምጦ ቢራ ይጠጣል፤ ድግሱ ሲጀመር የማን ሠርግ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የሙሽሮቹ ኑሮስ እንዴት ሆነ? ዘጠኝ ልጆች ወለዱ፤ ከእነርሱም ኦቶ በ1832 ዓ.ም. የግሪክ ንጉሥ ሆኑ። ሉድቪግ በ1825 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1835 ዓ.ም. የጋብቻቸው 25ኛ ዓመት ሲከበር በዚያው በዓል የየአገሩን ልብስ የለበሱ ሰዎች ታላቅ ሰልፍ አደረጉ። ነገር ግን የንጉሡ ልብ ለሚስታቸው ብቻ አልነበረም። የ36 ቆንጆ ሴቶችን መልክ አሥለው በቤተ መንግሥት ሰቀሉ። በ1846 ዓ.ም. ሎላ ሞንቴዝ የምትባል ጨፋሪ ወደ ሙኒክ መጣች፤ ንጉሡም ወደዷት፤ በሚመጣው ዓመት የመኳንንት ማዕረግ ሰጧት። ንግሥት ቴሬዜ ግን ይህችን ሴት በፊታቸው አላቀርብም አሉ። ሕዝቡ ንግሥቲቱን አከበረ፤ በንጉሡ ላይ አጉረመረመ። በዚያ ወራት በመላው ጀርመን ከተነሣው ሁከት ጋራ ይህ ነገር ተጨምሮ፣ ሉድቪግ ማርች 20 ቀን 1848 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀቁ። ቴሬዜ ግን ከባላቸው አልተለዩም።

በ1854 ዓ.ም. የኮሌራ በሽታ በሙኒክ ገባ፤ በዓሉም ቀረ። በስማቸው የተጠራው ሜዳ ያለ ድግስ በዋለበት በዚያ መፀው፣ ንግሥት ቴሬዜ በዚሁ በሽታ ተይዘው ኦክቶበር 26 ቀን ዐረፉ። ሙሽራ ሆነው በገቡበት ወር፣ ከ44 ዓመት በኋላ ነው። ባላቸው እስከ 1868 ዓ.ም. ኖሩ። ዛሬ ሁለቱም በሙኒክ በቅዱስ ቦኒፋስ ቤተ ክርስቲያን አርፈዋል።

እንግዲህ ሜዳውን በስማቸው ያስጠራላቸው የአንድ ቀን እሽቅድምድም ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ያስከበራቸው ግን ከዚያ ቀን በኋላ 44 ዓመት የጠበቁት ቃል ነው። የበዓሉ ድንኳን በየዓመቱ ተተክሎ ይነቀላል። በዓመቱ መታሰቢያ ቀን ደስ ለሚለው ሁሉ፣ ድንኳኑ ስለ ማን እንደ ተተከለ መጠየቅ ይገባዋል።