«ደረቴ ጠበበኝ»፦ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለባቸውን ዓረብኛ ተናጋሪዎች ለድባቴ መለየት

በባሕረ ሰላጤው አገሮች አንድ ሰው «ዲቀት ሰድር» ይዞኛል ሲል፣ ቃሉ የደረት መጥበብ ቢሆንም ሰሚው የሚረዳው ሐዘን እንደተጫነው ነው። «ሆዴ ባባ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ሆዱን እንዳላመመው ሁሉ፣ እሱም ስለ ሳንባው እያወራ አይደለም። ተናጋሪው አንገቱ ላይ ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ ትንፋሽን የሚስበው በአብዛኛው ድያፍራም ነው፤ የጎድን ጡንቻዎች አይታዘዙም፣ አክታን በሳል ማውጣትም ይከብዳል። ስለዚህ ደረቴ ጠበበኝ ያለው ሰው አክታ ታፍኖበት፣ ወይም የረጋ ደም የሳንባውን ሥር ዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ሐዘኑን ነግሮንም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 ሰው ኅብለ ሰረሰሩ እንደሚጎዳ፣ ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆኑት ላይም ብርቱ የድባቴ ምልክት እንደሚታይ ገምቷል። በ2015 የታተመ የጥናቶች ጥናት ደግሞ በምርመራ የተረጋገጠውን ድባቴ 22.2 በመቶ አድርሶታል። ቁጥሩ ከፍተኛ ነው። ቢሆንም ከአምስት ጉዳተኞች አራቱ ገደማ ድባቴ የለባቸውም ማለትም ነው። ይህን የምጠቅሰው «በእሱ ቦታ ሆኖ የማያዝን ማን አለ?» የሚለው አነጋገር ቤተሰብንም ሐኪምንም ስለሚያዘናጋ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የዚህ ጉዳት ዋና መንስኤ የመኪና አደጋ ሲሆን ተጎጂዎቹ በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ በሶርያና በየመን ጦርነት ተጨምሮበታል። መንስኤው ይህን ያህል ግልጽ ሲሆን፣ ሐዘኑ ሕመም መሆኑን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። በ934 ያረፈው ሊቅ አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ አካልና ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ መንስኤው የሚታወቀውን ሐዘን ከማይታወቀው ለይቶ ነበር፤ የሚታወቀውንም ግን ሕክምና አልነፈገውም።

ለልየታ በብዛት የሚሠራበት በ2001 የታተመው ባለ ዘጠኝ ጥያቄው የታካሚ ጤና መጠይቅ፣ ፒ.ኤች.ኪው-9 ነው። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል፤ የተለመደው ወሰን 10 ነው። በሳዑዲ ዓረቢያም በሊባኖስም የዓረብኛው ቅጂ ተፈትኗል። ሆኖም ጥያቄዎቹን አልጋ ላይ ላለ ጉዳተኛ አንድ በአንድ እናንብብለት። እንቅልፍህ ይቆራረጣል? የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ጡንቻው ሲኮማተርም ይነቃል። ድካም ይሰማሃል? ሸሚዝ መልበስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ሰው እስኪያስተውል ድረስ እንቅስቃሴህ ዘግይቷል? ይህን ጥያቄ እግሩ ለማይንቀሳቀስ ሰው ማንበብ በራሱ ያማል። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ፣ ልቡ ሳይሰበር 9 ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ የአካል ምልክቶቹን ማውጣት። ዚግመንድና ስኔይዝ በ1983 የሆስፒታሉን የጭንቀትና የድባቴ መለኪያ ሲያዘጋጁ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ መለኪያውም ወደ ዓረብኛ ተመልሷል። እኔ የምጠራጠረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዓረብኛ ተናጋሪዎች ሐዘናቸውን የሚናገሩት በደረት፣ በራስ ምታትና በድካም ነው። የአካሉን ጥያቄ ስናወጣ ጉዳቱን እንደ ድባቴ ከመቁጠር እንድናለን፤ ሰውየው ሐዘኑን የሚናገርበትን ቋንቋ ግን አብረን እንጥላለን። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያሳየው የአስተማማኝነት ስሌትም ከዚህ አያወጣንም፤ እንቅልፍ፣ ድካምና መዘግየት አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉት ጉዳቱ ስላስተሳሰራቸው ሊሆን ይችላልና።

ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች መንገድ ያሳያሉ። ቦምባርዲየርና ባልደረቦቹ በ2012 በተሐድሶ ሕክምና ላይ ባሉ ጉዳተኞች የተሻለው የፒ.ኤች.ኪው-9 ወሰን 11 ሆኖ አግኝተውታል። በ2015 የታተመው፣ 133 ጉዳተኞች የተሳተፉበት የድባቴ መድኃኒቱ የቬንላፋክሲን ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል፤ የአካል ምልክቶችን ባካተተው የሃሚልተን የድባቴ መለኪያ ድምር መድኃኒቱ ከባዶው ክኒን አልተለየም፣ በዋናዎቹ የድባቴ ምልክቶች ብቻ ሲለካ ግን ብልጫው ታየ። ድምሩ ለውጡን ሸፍኖት ነበር። ስለዚህ ድምሩ ከመጻፉ በፊት የፒ.ኤች.ኪው-9 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች፣ የደስታ ማጣትና የመከፋት፣ ለብቻቸው ይነበቡ እላለሁ። የአካሉ ጥያቄ ይቆይ፤ ነገር ግን «ከመቼ ጀምሮ? ምን ሲሆን ይብሳል?» የሚል ይከተለው። ስህተቱ በሁለቱም በኩል ያስከፍላል። ያለ ምክንያት የታዘዘ የቆየ ዓይነት የድባቴ መድኃኒት ሽንትን ይይዛል፣ የታወከ አንጀትን ያደርቃል፤ ሳይታወቅ የቀረ ድባቴ ደግሞ ሰውየው ገላውን መጠበቅ እንዲተው ያደርገዋል፣ ቁስሉም ይከተላል።

ከሁሉ የከበደው መጠይቁን ማን ያነባል የሚለው ነው። እጁ እስክሪብቶ የማይጨብጥ ሰው መልሱን ለሌላ መናገር አለበት። ወረቀቱ በፉስሓ፣ በመጽሐፉ ዓረብኛ ተጽፏል፤ አንባቢው በሰፈሩ አነጋገር ያብራራል፣ እያንዳንዱ ማብራሪያም አዲስ ትርጉም ነው። ዓረብኛ እንደ አማርኛ ሁሉ አንተንና አንቺን ስለሚለይ፣ በወንድ አንቀጽ የታተመ ወረቀት ለሴት ሲነበብ ሌላ ሰው የተጠየቀ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ደግሞ «ሙራፊቁ»፣ እኛ አስታማሚ የምንለው ነው። ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ «ተስፋ ቆርጠሃል?» ቢለው መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ነው። ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ ለጥያቄው ግን መልስ አይደለም።

ዘጠነኛው ጥያቄ ብሞት ይሻለኛል ማለትንና ራስን መጉዳትን በአንድ አረፍተ ነገር ያስራል። ራስን ማጥፋት በእስልምና ሐራም በመሆኑ ብዙዎች «በጭራሽ» ብለው ያልፉታል። ሁለቱ ተነጣጥለው፣ አስታማሚው በሌለበት፣ «አላህ ቢወስደኝ ብለህ ታውቃለህ?» ተብሎ ቢጀመር ንግግሩ ይከፈታል። በዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ሳለ ከፎቅ ወድቃ የተጎዳች ኢትዮጵያዊት ስትሆን ችግሩ ይብሳል፤ የምትጠየቀው ወጥ ቤት ውስጥ በለመደችው ዓረብኛ ነው፣ በዚያ ቋንቋ ደግሞ ስለ ልቧ ተናግራ አታውቅም። በአማርኛ የተፈተነ ፒ.ኤች.ኪው-9 አለ፤ ሆስፒታሎቹ ሊይዙት ይገባል።

ወደ ደረቱ ልመለስ። መጀመሪያ የደሙ ኦክስጅን ይለካ፣ ሳንባው ይደመጥ። ይህ ደህና ከሆነ ወንበር ስቦ አጠገቡ መቀመጥና ልጁ ሊጠይቀው ሲመጣ ደረቱ ይከፈትለት እንደሆነ መጠየቅ ነው።