እሌኒ፦ የአንድ የሴት ስም አመጣጥና ትርጉም

የአማርኛ የተጸውዖ ስሞች በአብዛኛው ፍቺያቸውን በራሳቸው ይዘው ይገኛሉ። ከሸዋ ነገሥታት ቤት የምናውቃቸውን ዘነበወርቅንና በዛብሽን ብንወስድ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናትና ባለቤት ስሞች ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያሻቸውም። እሌኒ ግን በአማርኛም ሆነ በግእዝ ሥርወ ቃል የለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሙ ትርጉሙን ያገኘው ከቃሉ ሳይሆን ከታሪክ መሆኑን፣ በዚህም ረገድ የደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት ዐቢይ ድርሻ እንዳለው ማሳየት ነው። ዘመናቱ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የስሙ ምንጭ ጽርዕ ነው። ከችቦና ከብርሃን ጋር የሚያያይዙት ሊቃውንት ቢኖሩም በሥርወ ቃሉ ላይ ስምምነት የለም። የድምፁ መልክ ግን የመጣበትን መንገድ ይናገራል። በኋለኛው ዘመን ጽርዕ መነሻው «ሀ» ጠፍቶ መድረሻው «ኒ» ተብሎ ይነበብ ስለነበር፣ ግእዝ «እሌኒ» ብሎ ተቀበለው። ሮማይስጥ «ሄለና» አለው፤ ዛሬ በከተሞቻችን የተለመደው «ሄለን» የመጣው በዚህኛው በኩል ነው። ስለዚህ አንዱ ስም ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን፣ ኋላም በዘመናዊነት።

በቤተ ክርስቲያን የገባው ከመስቀል ታሪክ ጋር ነው። የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ በ4ኛው መቶ ዓመት ደመራ አስደምራ፣ በጢሱ ምልክትነት መስቀሉን ማግኘቷ በየዓመቱ መስከረም 17 ይታሰባል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የመንግሥት ስማቸው «ቆስጠንጢኖስ» ነበር። ከሰማይ ብርሃን በታየበት ስፍራ ደብረ ብርሃንን መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ተቀመጡባት። ግማደ መስቀሉን በግሸን ያኖሩትም እርሳቸው እንደሆኑ ይተረካል። የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ የእኒህ ንጉሥ ሚስት ስትሆን፣ ታሪክ የሚያውቃት በክርስትና ስሟ፣ በእሌኒ ነው። ከእስላም ቤተሰብ የወጣችው ልዕልት በዚህ ስም ወደ መስቀሉ ታሪክ ገባች፤ የአባቷ ቤት የጠራት ስም ግን ከዚህ ስም በስተጀርባ ቀረ። የስሙ ክብርና ዋጋ አብረው የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ቀዳማዊቷ እሌኒ የቆስጠንጢኖስ እናት እንጂ ሚስት እንዳልነበረች ይታወቃል። የእኛዋ እሌኒም ወደዚያ ማዕረግ የደረሰችው ከባሏ ሞት በኋላ ነው። ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) እናታቸው ባትሆንም በእናት ወግ አከበሯት። ከ1508 ጀምሮም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር አስተዳደረች። በማቴዎስ እጅ ለፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው ደብዳቤ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ ፖርቱጋሎችም በራሳቸው አጠራር «ሄለና» ብለው መዘገቧት።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ «ዘነበወርቅ» በቃሉ ሲፈታ «እሌኒ» የሚፈታው በተረቱ ነው። ልጁን እሌኒ ብሎ የሚጠራ ወላጅ የሚመኝላት የቃል ፍቺ ሳይሆን የሁለት ንግሥቶችን ዕድል ነው፤ የተቀበረውን ፈልጎ ማውጣትን፣ ያልወለዱትን አገር በእናትነት መጠበቅን።