ፋሲል ከነማ፦ ስብስቡና የመጪው ዘመን ተስፋው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና አዘዞንና ጠዳን ካለፉ በኋላ የምትገኘው ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ፣ የጤፍ፣ የሽምብራና የነጭ ሽንኩርት ገበያ ናት፤ ነገር ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የመንገዱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ከእህል ዋጋ ባልተናነሰ የወጣቱንም የጎልማሳውንም አፍ የሚይዘው ነገር «አፄዎቹ ዘንድሮ ማንን አስፈረሙ? ማንስ ሄደባቸው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው የፍቅር ጥያቄ ስለሆነ አይነቀፍም፤ ሆኖም የክለቡን ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ ለመረመረ ሰው፣ ፋሲል ከነማ ለታላቅ ክብር የበቃው አዲስ ሰው በብዛት በሰበሰበበት ክረምት ሳይሆን ያሉትን አጽንቶ በያዘባቸው ዓመታት መሆኑ ጎልቶ ይታየዋል፤ ስለዚህ የመጪውን የውድድር ዘመን ተስፋ ለመመዘን የሚሻ ሁሉ ከፈራሚዎቹ ዝርዝር አስቀድሞ ያለፈውን ዘመን ቢያጤን መልካም ይሆናል።

የእግር ኳስ ጨዋታ በኢትዮጵያ በሥርዓት መካሄድ የጀመረው በአዲስ አበባ ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ ሻምፒዮና የጣሊያኖቹን ፎርቲቱዶን፣ የአርመኖቹን አራራትን፣ የግሪኮቹን ኦሎምፒያኮስንና የእንግሊዝ ጦር ቡድንን ተጋፍጦ በመጫወቱ፣ ሕዝቡ በዚያን ጊዜ ኳሱን ከነጻነቱ ጋር አስተሳስሮ ወደደው። ከዚያም ወዲህ ዋንጫው ለብዙ ዘመን ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከድሬዳዋ አልወጣም፤ የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሲሆን፣ የአስመራ ልጆችም የብሔራዊው ቡድን አምድ ነበሩ፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀረውን ቡድን አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ሲያዘጋጁት፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነበር። የጎንደሩ ፋሲል የተመሠረተው ከዚህ ድል ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም. ነው።

ክለቡ ስሙን የወሰደው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ አድርገው ከቆረቆሯት ከአፄ ፋሲለደስ ነው፤ ደጋፊዎቹም ተጫዋቾቹን «አፄዎቹ» እያሉ መጥራታቸው ከዚሁ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ እንዲህ የነገሥታት ሲሆን፣ የቡድኑ ኑሮ ለረጅም ዘመን በታችኛው እርከን የተወሰነ፣ ወደ ላይኛው ሊግ ለመውጣት እየታገለ ዓመት በዓመት ላይ የሚጨምር የትዕግሥት ኑሮ ነበር። ያንን ዘመን በዝርዝር ማተት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለምና ወደ 2008 ዓ.ም. እንለፍ፤ የጎንደር ኳስ ዕጣ በእርግጥ የተለየው በዚያ ዓመት ነውና።

በዚያ ጊዜ ጎንደርን በፕሪሚየር ሊጉ ትወክል የነበረችው የቢራ ፋብሪካው ቡድን ዳሽን ቢራ ነበረች። በኢትዮጵያ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ክለብ ታሪክ ከራሱ ከኳሱ ታሪክ የማይለይ ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነበር፤ የሲሚንቶው፣ የስኳሩ፣ የጥጡ፣ የመከላከያው ክለብ ሁሉ ለተጫዋች ቋሚ ደመወዝ፣ ለአሰልጣኝ የተረጋጋ ኑሮ ያስገኘ በመሆኑ ውለታው ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክለብ ሕይወቱ በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዳሽን በ2008 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደች፤ ወዲያውም ፈረሰች። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ወጣ። አንዱ ክለብ በወረደበት ወራት ሌላው መውጣቱ፣ ለጎንደር ሕዝብ አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው የተከፈተለት ያህል ሆነለት፤ ሆኖም የተከፈተው በር የባለፋብሪካ ሳይሆን የከተማው የራሱ በር ስለነበረ፣ በፋሲለደስ ስታዲየም የሚሰማው ጩኸትና ዝማሬ ከዚያ ወዲህ የባለቤት ድምፅ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. ያሉት አምስት ዓመታት የክለቡ ዜና መዋዕል ሊጻፍባቸው የሚገቡ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ዘመን ቡድኑ ለሊጉ ዋንጫ እስከ መጨረሻው ታግሎ፣ ክብሩ ለመቐለ 70 እንደርታ ቢሆንም፣ የዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫ ግን የፋሲል ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ የሁሉንም ድካም በመንፈቅ ስላቋረጠው ሊጉ ያለ አሸናፊ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን በሰበረበት በዚያ ዓመት፣ ኢትዮጵያ ቡናን ራሱን ወደ ኋላ ትቶ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ሰው ብቻውን ያን ያህል ግብ ሲያገባ ዋንጫው ግን ወደ ሌላ መሄዱ፣ የኳስ ድል በስብስብ እንጂ በአንድ ሰው እንደማይገኝ የሚያስረዳ ነው።

ያ ስብስብ ማን ማን ነበር? ከግቡ ሥር ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ፤ ከፊቱ አምበሉ ያሬድ ባየህ፤ በግራ በኩል አምሳሉ ጥላሁን፤ በመሐል ሀብታሙ ተከስተና ሱራፌል ዳኛቸው፤ በክንፍ ሽመክት ጉግሳ፤ ከፊት ሙጂብ ቃሲም። ከእነዚህ የሚበዙት አንድ ላይ የቆዩ፣ ሽንፈትንም ድልንም አብረው ያዩ ነበሩ። በጎንደር በአታ የአቋቋም ትምህርት የሚማር ደቀ መዝሙር፣ ጽናጽሉን ከመቋሚያው፣ እግሩን ከጓደኛው እግር ጋር ለማስማማት ዓመታትን እንደሚፈጅ፣ የሱራፌል ኳስ ወዴት እንደምትሄድ ሽመክት ሳያይ የሚያውቀው፣ ያሬድ ወደ ፊት ሲወጣ ሀብታሙ ሳይጠራ የሚሸፍነው በዚሁ ዓይነት የመኖር ብዛት ነው። ይህ በአንድ ክረምት ዝግጅት አይገኝም፤ በገንዘብም አይሸመትም።

ይህን ታላቅ ድል የጎንደር ሰው በሜዳው አላየውም። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት በተመረጡ ከተሞች፣ ማለት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ሲካሄድ፣ ጎንደር ከአስተናጋጆቹ መካከል አልነበረችም። ጨዋታው ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ መተላለፍ በመጀመሩ ግን፣ ስታዲየሙ የዘጋውን በር የየከተማው የኳስ ቤት ከፈተው። በማክሰኝት ያለውን ዓይነት የኳስ ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በበሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታና ሰዓት በእጅ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ውስጡ በረድፍ የተደረደሩ ጀርባ የሌላቸው አግዳሚዎች፣ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን፤ ከኋላ የቆሙት በተቀመጡት ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ በጨለማ ስለ ውጤቱ እየተከራከሩ ይጠብቃሉ። በዚያ ቤት ለዓመታት የማንቸስተርና የአርሰናል ስም ብቻ ሲጠራ ኖሮ፣ የራሱ አገር ልጅ በዚያው መስኮት ሲጫወት ሕፃኑ ማየቱ፣ በእኔ ግምት ከዋንጫው ባልተናነሰ ሊመሰገን የሚገባ ነገር ነው።

አህጉራዊው ውድድር ደግሞ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አውራ ጎዳና የደጋፊ መንገድ አደረገው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ፋሲል የታንዛኒያውን አዛምን በባሕር ዳር 1 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ በ2014 ዓ.ም. መባቻም የሱዳኑን አል ሂላልን በዚያው ሜዳ ሲገጥም፣ ከጎንደር የተነሣ ደጋፊ ሁሉ በማክሰኝትና በእንፍራንዝ ማለፍ ነበረበት። አዛም በሜዳው 3 ለ 1 መለሰለት፤ ከአል ሂላል ጋር ደግሞ በባሕር ዳር 2 ለ 2፣ በኦምዱርማን 1 ለ 1 ተለያይቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ከሜዳ ውጭ በገባ ግብ ብልጫ ብቻ ተሰናበተ። የሱዳኑ ክለብ ከአንድ ጊዜ በላይ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰ መሆኑን ለሚያውቅ፣ ይህ ውጤት የጎንደር ልጆች ከአህጉሩ ታላላቆች ጋር ትከሻ ለትከሻ ለመቆም ምን ያህል ተቃርበው እንደነበር ያሳያል። በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫም የብሔራዊው ቡድን አሰልጣኝ ሆነው የሄዱት ውበቱ አባተ ከዚሁ ስብስብ ተጫዋቾችን መርጠዋል።

መበተኑም የተጀመረው ከዚያው ከክብሩ ማግሥት ነው። ሙጂብ በሻምፒዮናው ክረምት ወደ አልጄሪያው ጄ ኤስ ካቢሊ ሄደ፤ ቡድኑ በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ አምበሉ ያሬድ ወደ ባሕር ዳር ከነማ ተሻገረ፤ ሌሎቹም በየጊዜው ተከተሉ። በተጫዋቾቹ መፍረድ አይገባም፤ የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፣ ቤተ ሰብም የሚጠብቀው ደመወዝን ነው። ጉድለቱ ያለው በልማዱ ላይ ነው። በአገራችን ተጫዋች የሚፈርመው ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፤ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ግማሹ ስብስብ ውሉ አልቆ ይገኛል፤ ክለቡም የከተማው አስተዳደር በጀት እስኪለቀቅለት ሲጠብቅ፣ ቀድሞ ገንዘብ የያዘው ይወስድበታል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ መስማማታቸው ለወጪው ጣሪያ ቢያበጅለትም፣ የውሉን ዕድሜ ግን አላራዘመውም። ከፋሲል ሻምፒዮንነት ወዲህ ዋንጫውን ያነሡትን ብንቆጥር፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ዓ.ም. ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መድን ናቸው፤ ከጅማ አባ ጅፋር፣ ከመቐለና ከፋሲል በኋላ ክብሩ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው፣ በመሐሉ የጠፋው የሰላም ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ክረምቱን ያለ ጭንቀት የሚያሳልፍ ጽኑ ካዝና በዚያ ስላለ ነው።

እንግዲህ ለመጪው የውድድር ዘመን ከፋሲል ከነማ ምን ይጠበቅ? አጥቂ ይፈለጋል የሚለው የደጋፊው ሁሉ ቃል ነው፤ እውነትም አለው። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት የመሐል ተከላካዩና የተከላካይ አማካዩ ውል ነው እላለሁ፤ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን የሆነው ቡድን አከርካሪው በዚያ ነበርና፤ እነዚህ ቦታዎች በየዓመቱ ሰው ከተለወጠባቸው፣ ከፊት የሚመጣው አጥቂ የቱንም ያህል ቢካን ኳስ ሳይደርሰው ዓመቱ ያልቃል። ግብ ጠባቂውም እንዲሁ ነው፤ ሳማኬ በቆየባቸው ዓመታት ከፊቱ የተሰለፉት ድምፁን ብቻ ሰምተው የሚንቀሳቀሱ ሆነው ነበር። ስለዚህ በዚህ ክረምት አስተዳደሩ አሥር አዲስ ሰው በማስፈረም ደጋፊውን ከማስደሰት ይልቅ፣ ያሉትን አራት ወይም አምስት ምሰሶዎች ለሦስት ዓመት ቢያስር፣ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቢሆን እንኳ የተሻለ ብልሃት ነው።

ለቀሪው ክፍት ቦታ ሰው የሚገኘው ሩቅ ሳይኬድ ነው። በማክሰኝት ዙሪያ ያለው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በክረምት እግር ይውጣል፤ ልጆቹ የሚጫወቱት እህሉ ከተሰበሰበና መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ በወል ግጦሹ ላይ፣ ሁለት ድንጋይ ግብ አድርገው፣ ጨርቅ በካልሲ ጠቅጥቀው በሠሩት ኳስ ነው። የክለቡ ምልመላ የሚደረገው ግን በክረምት፣ ሜዳው በጭቃ በተዘጋበትና ልጁ በአረም ላይ በሚውልበት ወራት ነው። በዚህም ምክንያት ከሽምብራው ማሳ ዳር የሚጫወተውን ልጅ መልማዩ አያየውም፤ ልጁም ጎንደር ከተማ ዘመድ ከሌለው ወደ ታዳጊ ቡድኑ የሚገባበት መንገድ የለውም። ምልመላው ወደ ታኅሣሥ ቢዛወርና አንድ አሰልጣኝ በየሳምንቱ በገበያ ቀን በማክሰኝት፣ በእንፍራንዝና በጠዳ ቢዞር፣ ወጪው የአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ አይሞላም፤ ከጥር ጀምሮም የተመረጡት ልጆች ከታዳጊው ቡድን ጋር ልምምድ ጀምረው፣ ቀጣዩ ነሐሴ ሲመጣ ለዋናው ቡድን ዝግጅት የሚጠሩበት ጊዜ ይኖራቸዋል።