የሲ ቋንቋ የፊደል መለያዎችና የሞላሌ ስም አጻጻፍ

ሞላሌ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ማማ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ በፊደላችን ሲጻፍ ሦስት ሆሄያት ብቻ ይበቁታል፤ ሞ፣ ላ፣ ሌ። ፊደል የቆጠረ ሕፃን ሁሉ ሞ የመ ሳብዕ፣ ላ የለ ራብዕ፣ ሌ ደግሞ የለ ኃምስ መሆናቸውን ያውቃል። ይሁን እንጂ ለላቲን ጽሕፈት የተሠራ አንድ ትንሽ የኮምፒዩተር ልማድ ይህን ስም ሊያበላሸው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፣ ፊደላችንን ሲገናኝ ምን እንዳደረገና በምን ዘዴ እንደ ታረመ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የልማዱ ምንጭ

የላቲን ፊደል ሁለት መልክ አለው። ትልልቆቹ በሮማውያን የድንጋይ ጽሑፍ ላይ የምናያቸው ናቸው፤ ትንንሾቹ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ በካሮሊንግ ነገሥታት ዘመን መልክ ከያዘው የእጅ ጽሕፈት የወረዱ ናቸው። ኋላ ሁለቱ በአንድ ገጽ ተጋብተው ትልቁ የስምና የዓረፍተ ነገር መነሻ፣ ትንሹ የቀረው ጽሑፍ ሆነ።

አስኪ የተባለው የአሜሪካ የቁጥር ሰንጠረዥ በ1963 ሲወጣ ትንንሾቹን ፊደላት አልያዘም ነበር፤ በ1967 እትም ግን ተካተቱ። በዚህ ሰንጠረዥ ትልቁ ኤ 65፣ ትንሹ ኤ 97 ነው። የልዩነቱ ቁጥር 32 ሲሆን ለሃያ ስድስቱም ፊደላት አንድ ነው። ስለዚህ ትንሹን ወደ ትልቁ ለመለወጥ 32 መቀነስ ይበቃል።

ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ ከ1969 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ያበጀው የሲ ቋንቋ ይህን ቀላል ሒሳብ ወረሰ። በሲታይፕ ስብስብ ውስጥ ያሉት ተግባራት ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ይጠይቃሉ፤ ኢዝአልፋ ፊደል ነውን፣ ኢዝዲጂት አኃዝ ነውን፣ ኢዝስፔስ ባዶ ቦታ ነውን፣ ኢዝአፐር ትልቅ ፊደል ነውን ይላሉ። ሁለተኛዎቹ ይለውጣሉ፤ ቱአፐር ወደ ትልቁ፣ ቱሎወር ወደ ትንሹ ያዛውራሉ።

በ1979 በወጣው በ7ኛው የዩኒክስ እትም ቱአፐር የተሰጠውን ሳይመረምር ሒሳቡን ብቻ ይሠራ ነበር። ትንሽ ፊደል ያልሆነ ነገር ቢሰጡት ትርጉም የሌለው ምልክት ይመልሳል። ስለዚህ ጸሐፊው አስቀድሞ በኢዝሎወር መጠየቅ ነበረበት። የ1989ኙ የሲ ደንብ ግን አቻ የሌለው ምልክት ሳይለወጥ እንዲመለስ አዘዘ። አስቀድሞ መለየት፣ ኋላ መለወጥ የሚለው ሥርዓት በዚህ ጸና።

፪. የፊደላችን ጠባይ

በአክሱም ዘመን መጀመሪያ የነበረው ጽሕፈት ተነባቢዎችን ብቻ ያመለክት ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን ግን አናባቢው በራሱ በሆሄው ቅርፅ ላይ ይታይ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፊደላችን በግዕዝ፣ በካዕብ፣ በሣልስ፣ በራብዕ፣ በኃምስ፣ በሳድስና በሳብዕ ይቆጠራል። ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ግን የለውም። በ1513 በሮም የታተመው የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍም ይህን ሥርዓት እንደ ያዘ ወጣ።

ስለዚህ ኢዝአፐርና ኢዝሎወር ስለ ሞ ቢጠየቁ የሁለቱም ትክክለኛ መልስ አይደለም የሚል ነው። ለላቲን ትልቅ ያልሆነ ፊደል ትንሽ ነው፤ ለእኛ ግን ከሁለቱ አንዱንም አይደለም። ይህን ያልተረዳ ፕሮግራም ስማችንን የማያውቀው ምልክት አድርጎ ይጥለዋል።

፫. በላቲን ልብስ የገባ አማርኛ

በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አቀረቡ። ዓላማው አማርኛን በአስኪ ፊደላት ጽፎ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ማስተላለፍ ነበር። ሃያ ስድስቱ የላቲን ፊደላት ለድምፆቻችን ስለማይበቁ የትልቅና የትንሽ ልዩነት ሥራ ተሰጠው። ትንሹ ቲ ተ ሲሆን ትልቁ ጠ ነው፤ ትንሹ ዜድ ዘ ሲሆን ትልቁ ዠ ነው፤ ትንሹ ኤች ሀ ሲሆን ትልቁ ሐ ነው። በአናባቢም ትንሹ ኢ ግዕዝን፣ ትልቁ ኢ ኃምስን ያመለክታል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ በቱሎወር ቢያልፍ ምን ይሆናል? ጠራ የሚለው ተራ ይሆናል። ሞላሌ ኃምሷን አጥታ ሞላለ ትሆናለች። ጌራ ምድር ገራ ምድር ይሆናል፤ አገሩ ቀርቶ ፈረስ የገራ ሰው ይመስላል። መርሐቤቴ በአንድ ጊዜ ሦስት ሆሄ ተለውጦበት መርሀበተ ይሆናል። ማማና ላሎ ግን ትልቅ ፊደል ስለማያስፈልጋቸው ሳይነኩ ያልፋሉ። ከሦስቱ የመንዝ ምድሮች ሁለቱ ድነው አንዱ ይጠፋል ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያው ቃል የሆነው ለእኛ ሌላ ቃል ነው። ጥፋቱ የሴራ ወይም የሲ አይደለም፤ የአንዱን ጽሕፈት ልማድ ለጽሕፈት ሁሉ ሕግ አድርጎ መውሰድ ነው።

፬. የገበታው ሒሳብ

መፍትሔው ፊደላችን የራሱን ቁጥር ማግኘቱ ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከ4608 እስከ 4991 ያለውን ክፍል ለኢትዮጵያ ፊደል መደበ። አደላደሉም የፊደል ገበታውን ተከተለ፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ቦታ ተሰጠው፣ ለሰባቱ ድምፆችና እንደ ሏና ሟ ላለው ዲቃላ።

ሒሳቡን በሞላሌ እንየው። ሞ 4638 ነው፤ 4608 ሲቀነስ 30 ይቀራል፤ 30 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር 3 የሚለው አራተኛውን ቤተሰብ መን፣ 6 የሚለው ሳብዕን ያሳያል። ላ 4619 ስለሆነ 1 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ የለ ራብዕ ነው። ሌ 4620 ስለሆነ 1 ደርሶ 4 ይተርፋል፤ የለ ኃምስ ነው። ድርሻው ቤተሰቡን፣ ትራፊው ድምፁን ይነግረናል።

ለእኛ የቱአፐር እውነተኛ አቻ ይህ ነው። ቤት ቤቱ ሲሆን ት ወደ ቱ ይለወጣል፤ ከ4725 አራት ቀንሶ 4721 ማግኘት ነው። ቤት ቤቶች ሲሆን ት ወደ ቶ ይሄዳል፤ አንድ መደመር ነው፣ ከዚያ ች ይከተላል። የሰዋስው ለውጥ የቁጥር ለውጥ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ሕጉ ወሰን አለው። ቈ፣ ኈ፣ ኰና ጐ የየራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ጓ በዚህ ሒሳብ ወደ ጐ እንጂ ወደ ገ አይመለስም፤ ከ4951 በላይ ደግሞ ሒሳቡ አይሠራም። እዚህም አስቀድሞ መለየት፣ ኋላ መለወጥ ያሻል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሞ 225፣ 136፣ 158 ነው። የሲ የርዝመት መቁጠሪያ ስለዚህ ሞላሌን ዘጠኝ ይላታል። ኢዝአልፋም አንዱን ባይት ለብቻው ቢመለከት ሆሄ ሳይሆን የሆሄ ስባሪ ያያል። በ1995 በሲ ደንብ ላይ የተጨመሩት ለሰፊ ሆሄ የሚሆኑ ተግባራት፣ እንደ ኢዝደብሊውአልፋ ያሉት፣ ሙሉውን ሆሄ ለመጠየቅ የተዘጋጁ ናቸው።

፭. በደንብ ብቻ የማይወሰነው

ሦስት ነገሮች የእኛን ፍርድ ይሻሉ። አንደኛ፣ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አኃዞቻችን ከ4969 እስከ 4977 በተራ ቢቀመጡም ዜሮ የላቸውም፤ ፲ና ፻ም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። በሲ ደንብም አኃዝ የሚባሉት ከ0 እስከ 9 ያሉት ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ ቃል ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ (፡) በዩኒኮድ ሥርዓተ ነጥብ እንጂ ባዶ ቦታ አይደለም። በባዶ ቦታ ብቻ ቃል የሚቆጥር ፕሮግራም በሁለት ነጥብ የተጻፈውን የቆየ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል ያየዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ነው። እንግሊዞች ስም ሲፈልጉ ቱሎወርን የሚጠቀሙት ሁለቱን መልክ አንድ ለማድረግ ነው። እኛ ኃይሉንና ሀይሉን አንድ ሰው አድርገን ለማግኘት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ያስፈልገናል። ነገር ግን በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ደግሞ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን በመዝገብ ላይ አንድ ያደረገ ሰው ትርጉም ያጠፋል።

እንደ እኛ አስተያየት፣ ሞክሼዎችን አንድ ማድረግ ለፍለጋና ለማመሳከር ብቻ መሆን አለበት፤ በተጻፈው ስም ላይ ግን ፈጽሞ መሠራት የለበትም። ፈላጊው የፈለገውን ያግኝ፤ የተጻፈው እንደ ተጻፈ ይኑር። ስለ ፊደላችን ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪም ከቱአፐርና ከቱሎወር በፊት የፊደል ገበታውን ቢያስብ ይበጀዋል፤ ሞላሌን ከሞላለ የሚለያት የአንዲት ሆሄ ድምፅ ብቻ ነውና።