ልጁ የማን ነው? ማደጎ፣ አደራ እና ጉዲፈቻ በእኛ አገር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጥቂት ቤቶች አንኳኩታችሁ ብትጠይቁ ያልወለደውን ልጅ ያሳደገ ሰው አታጡም። የሟች እህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከገጠር «አስተምሩልኝ» ተብሎ የመጣ ልጅ። «የማደጎ ልጅ ነው» ይባላል፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። ጣጣው የሚመጣው ወላጅ አንድ ቀን ተመልሶ «ልጄን ስጡኝ» ያለ እንደሆነ ነው። ያኔ ልጁ የማን ነው?

ድሮ መልሱ ያለው ባህልና ሃይማኖት ውስጥ ነበር። በአማራው ባህል «የጡት ልጅ» አለ፤ አሳዳጊው ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባል፣ ልጅነቱም በዚያ ይጸናል። ኦሮሞው ጉዲፈቻ አለው፤ ሕጋችን ቃሉን የተዋሰው ከዚያ ነው። ወሎ ውስጥ ብዙ በሆነው ሙስሊም ዘንድ ደግሞ የቲም ማሳደግ ትልቅ አጅር አለው፤ ልጁ ግን የሚጠራው በወለደው አባቱ ስም ነው። አሳዳጊውንም እንደ ልጅ አይወርስም፤ አሳዳጊው ከፈለገ ከንብረቱ እስከ ሲሶ በኑዛዜ ሊተውለት ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ ሰፈር «ማደጎ» የሚለው ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው!

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ወደ ወረቀት አመጣው። ጉዲፈቻ ውል ሆነ፣ ፍርድ ቤትም ያጸድቀዋል ተባለ። አንዴ ከጸና በኋላ ግን በምንም ምክንያት አይፈርስም። አሳዳጊው ክፉ ቢሆንስ? ሕጉ ለዚህ በር አልተወም።

ከዚያ ወሎን ረሃብ መታው፤ በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም.። ከየአውራጃው የተነሳው ሕዝብ ወደ ደሴ መንገድ ጎረፈ። ወላጆቻቸው ካለቁባቸው ልጆች ዘመድ ያለው ዘመድ ጋ ተጠጋ፣ የሌለው ሕፃናት ማሳደጊያ ገባ። በዚያ ሰዓት ሕፃን ያነሳ ጎረቤት ውል አጽድቁልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1984 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት ይቀድማል አለ። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤት የልጁን አስተያየት እንዲሰማ አዘዘ። አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ካሳደገው ጉዲፈቻው ሊሰረዝ እንደሚችልም ደነገገ። የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ።

በዚሁ ዘመን ልጆቻችን በብዛት ወደ ውጭ አገር መሄድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 ያላነሱ ልጆች በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። እዚህ ላይ የቃላቱ ልዩነት ዋጋ አስከፈለ። በእኛ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና አይበጠስም፤ በአሜሪካ ሕግ ግን ይቆረጣል። ብዙ ወላጅ በልቡ አደራ ሰጠ፣ «ተምሮ ይመጣል» ብሎ። የፈረመው ግን ጉዲፈቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሐና ዊሊያምስ የተባለች ኢትዮጵያዊት ታዳጊ በአሜሪካ አሳዳጊዎቿ ቤት በደረሰባት ግፍ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿም ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማችን የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። እሱን በደንብ የመለሰው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው፤ በ2000 ዓ.ም.፣ በመዝገብ ቁጥር 23632።  እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ለዓመታት አሳደገችው፤ አባት መጥቶ ይገባኛል አለ። የበታች ፍርድ ቤቶች እናት ከሌለች አባት ነው ብለው ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን አንቀጽ 36ን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ፤ ልጁን የሚጠቅመው ካሳደገችው አክስቱ ጋር መኖሩ ነው አለ። የሰበር የሕግ ትርጉም የትኛውንም ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የሚያስችል ዳኛም ይከተለዋል።

ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 መጨረሻ ደሴ ከራያና ከሰሜን ወሎ በተፈናቀሉ ሰዎች ተጨናንቃ ነበር። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሷን ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ። ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆችም ነበሩ። እንዲህ ላለው ጊዜ መንግሥት «የአደራ ቤተሰብ» የሚለው አሠራር አለ፤ ልጁ ለጊዜው ይጠለላል፣ ወላጁም ወላጅነቱን አያጣም። የሰው ልጅ ቤታችሁ ካለ ወረዳችሁ ያለው የሴቶችንና ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ቢሮ ይወቀው። ሞግዚትነቱንም ፍርድ ቤት ያጽናው። ይህን ማድረግ በጎነትን አይቀንስም። የወሎ ሰው ማሳደጉን ያውቅበታል፤ የቀረን ወላጅም፣ አሳዳጊም፣ ዳኛም «ልጁ የማን ነው?» ከማለታቸው በፊት «ልጁስ ምን ይላል? ምንስ ይበጀዋል?» ብለው መጠየቃቸው ነው።