በምስለ በረራ የሚሰጥ የሄሊኮፕተር አብራሪነት ሥልጠና እና የደጋው አየር የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቂሊንጦ በአገሪቱ ሁለት ታላላቅ የበረራ ማዕከላት መካከል የሚገኝ አካባቢ ነው። በስተሰሜን የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ በቢሾፍቱ የሚገኘው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና የጦር ሰፈር ይገኛሉ። አካባቢው ከመድኃኒት ማምረቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በተጨማሪ በ2004 ዓ.ም ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመገኘቱም በሥፍራው የሚነሳም ሆነ የሚያርፍ ሄሊኮፕተር ከባሕር ዳርቻው እጅግ የሳሳ አየር ይገጥመዋል።

ይህ የአየር መሳሳት ለአገራችን የሄሊኮፕተር አብራሪዎች የዕለት ተዕለት ፈተና ነው። ፈተናውን ሕይወትና ንብረት ሳይጠፋ አስቀድሞ ለመለማመድ ከሚያስችሉ ዘዴዎች አንዱ ምስለ በረራ ወይም በተለምዶ ሲሙሌተር እየተባለ የሚጠራው መሣሪያ ነው። ሆኖም መሣሪያው የሚያስተምረው በውስጡ የተሞላው መረጃ እውነት የሆነውን ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሥልጠናን የሚያቅዱ፣ የሚፈቅዱና ግዥ የሚፈጽሙ አካላት ጠቀሜታውንም ገደቡንም ሊያውቁ ይገባል።

አመጣጡ

የመጀመሪያውን ተግባራዊ የምስለ በረራ መሣሪያ እ.ኤ.አ በ1929 የሠራው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ነው። መሣሪያው ለበርካታ ዓመታት እንደ መጫወቻ ሲቆጠር ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1934 የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ፖስታ የማመላለስ ኃላፊነት ተረክቦ አብራሪዎቹ በመጥፎ የአየር ጠባይ በተከታታይ ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ ግን ጦሩ 6 መሣሪያዎችን ገዝቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በርካታ የተባበሩት ኃይሎች አብራሪዎች በዚሁ መሣሪያ ሠልጥነዋል።

በኢትዮጵያ የምስለ በረራ ሥልጠና በስፋት የሚታወቀው ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተያይዞ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአሁኑ ወቅት የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በሚጠራው ማሠልጠኛው ለቦይንግ፣ ለኤርባስና ለኪው 400 አውሮፕላኖች አብራሪዎች የሚያገለግሉ ሙሉ የምስለ በረራ መሣሪያዎችን ይጠቀማል። ሄሊኮፕተር ግን ከአውሮፕላን የተለየ ጠባይ ስላለው ለአውሮፕላን የተሠራ መሣሪያ ለሄሊኮፕተር ሥልጠና አይተካም።

የሄሊኮፕተር መቆጣጠሪያዎች

የሄሊኮፕተር አብራሪ ሁለቱንም እጆቹንና ሁለቱንም እግሮቹን በአንድ ጊዜ ይጠቀማል። በግራ እጅ የሚያዘው ኮሌክቲቭ የተባለው ዘንግ የዋናውን ተሽከርካሪ ክንፍ ቅጠሎች በሙሉ በእኩል መጠን እያዘነበለ ሄሊኮፕተሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በጉልበቶች መካከል ያለው ሳይክሊክ ወደፊት፣ ወደኋላና ወደጎን ለመሄድ ያገለግላል። በእግር የሚገፉት ፔዳሎች ደግሞ የጅራቱን ተሽከርካሪ ክንፍ በመቆጣጠር አፍንጫው የሚዞርበትን አቅጣጫ ይወስናሉ።

አስቸጋሪው ነገር አንዱ መቆጣጠሪያ ሲነካ ሌሎቹም መስተካከል ያለባቸው መሆኑ ነው። ኮሌክቲቩ ከፍ ሲደረግ ሞተሩ ተጨማሪ ኃይል ስለሚሰጥ አካሉ ከዋናው ክንፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ለመዞር ይሞክራል። ይህንን ለመግታት ፔዳል ሲገፋ የጅራቱ ግፊት ሄሊኮፕተሩን ወደጎን ያንሸራትተዋል፤ መንሸራተቱን ለማቆም ሳይክሊኩ ይንቀሳቀሳል፤ ሳይክሊኩ ሲንቀሳቀስም ከፍታው ይለወጣል።

የዋናው ክንፍ መዞሪያ አቅጣጫም ከአገር አገር ይለያያል። ከላይ ሲታይ የአብዛኞቹ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች ዋና ክንፍ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ሲዞር፣ በኢትዮጵያ አየር ኃይል ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት ሩሲያ ሠራሽ ኤምአይ-8 እና ኤምአይ-24 ዋና ክንፍ ግን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል። በመሆኑም በአንደኛው ዓይነት ምስለ በረራ የለመደ ሠልጣኝ ወደ ሌላው ሲሸጋገር እግሩ ለምዶት የነበረውን ማረም ይኖርበታል። ሥልጠናው ሠልጣኙ ወደፊት በሚያበረው ዓይነት መሣሪያ መሰጠት የሚኖርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የደጋው አየር

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። የሙቀት መጠኑ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ቀን የቦሌ አየር በባሕር ጠለል ካለው መደበኛ አየር ከሩብ በላይ የሳሳ ሲሆን፣ ሄሊኮፕተሩ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ያህል ይሠራል። የሳሳ አየር በአንድ በኩል የተሽከርካሪ ክንፉን የማንሳት አቅም ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ያዳክማል። ስለሆነም በባሕር ዳርቻ በቀላሉ የሚነሳ ጭነት በሸዋ ደጋ ላይ ላይነሳ ይችላል።

ችግሩ የሚጎላው በአየር ላይ ቀጥ ብሎ በመቆም ጊዜ ነው። ሄሊኮፕተር ለመሬት ቀርቦ ሲቆም ወደታች የሚገፋው አየር ከመሬት ጋር ስለሚጋጭ የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። ይህ ድጋፍ የሚገኘው በክንፉ ስፋት ልክ ባለ ከፍታ ውስጥ ሲሆን፣ የክንፉ ስፋት 21.3 ሜትር ለሆነው ኤምአይ-8 ሃያ ሜትር ገደማ ማለት ነው። አብራሪው ከሜዳው ጫፍ ወደ ገደል ወይም ወደ ሸለቆ ሲወጣ ይህ ድጋፍ በድንገት ይጠፋል። ትርፍ ኃይል ከሌለው ሄሊኮፕተሩ መውረድ ይጀምራል።

በ1977 ዓ.ም ድርቅ ወቅት ከፖላንድ የመጡ 3 ኤምአይ-8 ሄሊኮፕተሮች ከአውሮፕላን የሚጣለው የእርዳታ እህል የሚያርፍባቸውን ሥፍራዎች በደጋማ አካባቢዎች አስቀድመው በማዘጋጀት ሠርተዋል። መንገድ በማይደርስበት ተራራማ ሥፍራ ሕመምተኛን ማንሳት፣ እህል ማድረስና በጎርፍ የተከበበን ሰው ማውጣት ዛሬም የሄሊኮፕተርን አገልግሎት ይጠይቃሉ። እነዚህ ተግባራት የሚከናወኑትም አየሩ በሳሳበትና ማረፊያው በጠበበበት ቦታ ነው።

ምስለ በረራው የሚያስተምራቸው ጉዳዮች

የምስለ በረራ ዋነኛ ጥቅም በእውነተኛ በረራ ሊሞከሩ የማይገባቸውን አደጋዎች ደጋግሞ ለማሳየት ማስቻሉ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ በተለይ ይጠቀሳሉ።

አንደኛው ሄሊኮፕተሩ ወደፊት የሚሄድበት ፍጥነት ቀንሶ በቁሙ በፈጥነት በሚወርድበት ጊዜ ራሱ ወደታች በገፋው የታወከ አየር ውስጥ የሚገባበት ሁኔታ ነው። ይህ ሲደርስ ኮሌክቲቭን ከፍ ማድረግ መውደቁን ያባብሰዋል እንጂ አያቆመውም። ትክክለኛው እርምጃ ወደፊት በመሄድ ከታወከው አየር መውጣት ሲሆን፣ ይህም ከሰው ደመ ነፍስ ጋር የሚጋጭ በመሆኑ በልምምድ ካልሆነ አይገኝም።

ሁለተኛው የሞተር መጥፋት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው ኮሌክቲቭን ወዲያውኑ ዝቅ ካደረገ ከታች ወደላይ የሚነፍሰው አየር ክንፉን ማሽከርከሩን ስለሚቀጥል ሄሊኮፕተሩ ያለ ሞተር ሊያርፍ ይችላል። እንደ ሮቢንሰን አር-22 ባሉ ቀላል ሄሊኮፕተሮች ለዚህ ውሳኔ ያለው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ሠልጣኙ በምስለ በረራ ሃምሳ ጊዜ ቢሳሳት ሃምሳ ጊዜ እንደገና ይጀምራል።

ሦስተኛው ከላይ የተገለጸው የኃይል ማነስ ነው። አሠልጣኙ የሙቀቱን፣ የከፍታውንና የጭነቱን መጠን እየቀያየረ ትናንት የተቻለው መነሳት ዛሬ ለምን እንዳልተቻለ ሊያሳይ ይችላል። ሠልጣኙም ከመነሳቱ በፊት የኃይል ስሌት መሥራት የወረቀት ሥራ ብቻ አለመሆኑን በተግባር ይረዳል።

የመሣሪያዎቹ ደረጃዎች

ሙሉ የምስለ በረራ መሣሪያዎች ከ«ኤ» እስከ «ዲ» ባሉ አራት ደረጃዎች ይመደባሉ። ከፍተኛው የ«ዲ» ደረጃ ሲሆን በስድስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ መድረክ፣ ሰፊ የእይታ መስኮትና ከእውነተኛው ጋር የተመሳከረ ድምፅና ንዝረት ይኖረዋል። ከእነዚህ በታች የማይንቀሳቀሱ የአሠራር ማሠልጠኛዎች ይገኛሉ። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2021 በዓይን ላይ በሚደረግ ምናባዊ እይታ የሚሠራ የሮቢንሰን አር-22 ማሠልጠኛን ለመጀመሪያ ጊዜ ማጽደቁ አነስተኛ ቦታ የሚይዙ መሣሪያዎች በሕግ ተቀባይነት እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል።

በግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም ተሻሽለዋል። ኤክስ-ፕሌን የክንፉን እያንዳንዱን ክፍል ለይቶ ኃይሉን ያሰላል፤ ዲሲኤስ ወርልድ ኤምአይ-8 እና ኤምአይ-24ን በዝርዝር ያቀርባል፤ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተርም እ.ኤ.አ ከ2022 ጀምሮ ሄሊኮፕተሮችን አካትቷል። እነዚህ ፕሮግራሞች ቅደም ተከተልን ለመለማመድ ይረዳሉ። በቤት የተገኘው ሰዓት ግን ለፈቃድ አይቆጠርም።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መስፈርት መሠረት የግል ሄሊኮፕተር አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት፣ ሥልጠናው በጸደቀ መርሐ ግብር ከተሰጠ ደግሞ 35 ሰዓት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ በምስለ በረራ ሊሸፈን የሚችለው ከ5 ሰዓት አይበልጥም። ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ ከሚጠየቀው 150 ሰዓትም የሚፈቀደው 10 ሰዓት ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ምስለ በረራ የበረራ አጋዥ እንጂ ምትክ አለመሆኑን ያሳያሉ።

ገደቡ

መሣሪያው ከእውነታው ጋር በማይመሳሰልበት ሁኔታ የሚሰጠው ልምምድ ሠልጣኙን በሐሰት መተማመን ሊያስረው ይችላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች ሕይወታቸው ካለፈ ከሁለት ወራት በኋላ፣ አምራቹ ኩባንያ የ737 ማክስ ምስለ በረራ ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት ያልቻለ እንደነበር አምኖ ማስተካከያ ማድረጉን አስታውቋል። ከፍተኛ ዋጋ ያለው መሣሪያም ቢሆን ያልተሞላለትን መረጃ እንደማያስተምር ይህ ሁኔታ አመላክቷል።

በሄሊኮፕተር ረገድ ገደቦቹ ይበልጥ ይታያሉ። በቋሚ ወንበርና በአንድ ስክሪን ፊት የተቀመጠ ሠልጣኝ የአካሉን መንሸራተት በሰውነቱ ስለማይሰማው፣ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ከእውነተኛው ይልቅ ሊከብደው ይችላል። የመሬት አቀማመጥ መረጃ ተራራውንና ሸለቆውን ሊያሳይ ቢችልም፣ በቃሊቲና በአቃቂ ዙሪያ እንደሚታዩት ያሉ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመሮች በየፕሮግራሙ ላይገኙ ይችላሉ። ሽቦ ደግሞ ዝቅ ብሎ ለሚበር ሄሊኮፕተር ከቀንደኛ አደጋዎች አንዱ ነው። ከሁሉም በላይ ስህተት ምንም በማያስከፍልበት ክፍል የለመደ ሠልጣኝ ፍርሃቱን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም ሊያጣ ይችላል።

በዕቅድና በግዥ ወቅት ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

በመሆኑም ስለ ምስለ በረራ ውሳኔ የሚሰጥ አካል ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሳ ይገባል። መሣሪያው የሚወክለው ሄሊኮፕተር በተቋሙ አገልግሎት ላይ ያለው ዓይነት ነው ወይ? የበረራ መረጃው ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከፍታና በሞቃት ቀን የተረጋገጠ ነው ወይስ ከባሕር ጠለል ልኬት የተገመተ? ስህተቱን ለይቶ ለሠልጣኙ የሚያስረዳ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ተመድቧል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ መሣሪያው ስህተትን እያስለመደ ሊቀጥል ይችላል።

ምስለ በረራን ለመጠገንና ለማሻሻል የሚያስፈልጉት የሶፍትዌር፣ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮ መካኒካል ምህንድስና ሙያዎች በቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጡት የትምህርት መስኮች ውስጥ ይገኛሉ። የአገሪቱን ደጋ አየር፣ ተራሮችና የኤሌክትሪክ መስመሮች በትክክል የሚያሳይ መረጃ ማዘጋጀትም ከውጭ በሚገዛ መሣሪያ ብቻ የሚሟላ ሳይሆን የአገር ውስጥ ባለሙያ የሚጠይቅ ተግባር ነው። ሠልጣኙ በምድር ላይ የሚማረው ስህተት በአየር ላይ እንዳይደገም የሚያደርገውም መሣሪያው ስለ ደጋው አየር እውነቱን ሲያሳይ ነው።